አንድ ምሰሶ ደጋግሞ የሚገጭ ሰው

ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። መታጠፊያው ላይ ጮኸ፣ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር አንቀጠቀጠ፣ ከዛ ደረቴ ውስጥ ገባ። መዶሻዬን አወረድኩ። አጎቴም ሞርሳው ላይ አስሮ የሚሞርደውን ብረት ትቶ ቀና አለ።

ጥቁር ነው። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ፊቱ የሚነክስ የሚመስል የስፖርት መኪና። ዜሮ ዜሮ። መቀመጫው ገና ከነላስቲኩ ነው።

መሪውን የያዘው የኔው ሰው ታላቅ ወንድም ነው። እሱ ራሱ ጋቢና ተቀምጧል። ጭረት።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የሟች አባቱን አሮጌ መኪና አንዴ ጭሮ፣ አንዴ ገጭቶ፣ አንዴ አሰርጉዶ ስለሚያመጣልኝ። እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጣመመ ላሜራ በመዶሻ አቃናለሁ። አሮጌዋ አሁንም እዚሁ ግቢ ቆማለች፣ በሯ ሰርጉዶ፣ ተራዋን እየጠበቀች። እሱ ግን ዛሬ በአዲስ መጣ።

አላየኝም። ወይ አይቶኝ እንዳላየ ሆነ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጋራዥ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሚመጣ ሰው ሊሰናበት ነው። ቀኝ እጁ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነው። በሩን በግራው ከፍቶ ወረደ፤ ቀኙን አላወጣውም።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለ አጎቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

አጎቴ ልጁ ሊሆን የሚችለውን ሰው «እርስዎ» ይላል። የግቢው መሬት የነሱ ነው። ውጡ ካሉን እንወጣለን።

ወንድምየው ሰላምታውን አልመለሰም። የአዲሱን መኪና ኮፈን መታ መታ አደረገው፣ ፈረስ ይመስል።

«ሽማግሌ፣ አሮጌዋ ላይ እንዳትደክሙ። ልንገላገላት ነው። ፈታታችሁ ሽጧት። ሞተሯን፣ ጎማዋን፣ የፈለጋችሁትን።»

«ምነው ጌታዬ? ሞተሯ እኮ ደህና ነው።»

«ሙሽራ በሷ አይሄድማ! ይሄን የልጅቷ አባት ነው የሰጠው፣ ሸሪካችን። ትናንት ቀለበት አስረናል።»

ቀለበት። ጭረትን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። እጁ ኪሱ ውስጥ።

ገባኝ። ለካ የደበቀው እጁን አይደለም፣ ቀለበቱን ነው።

ወንድምየው ወደ አሮጌዋ ሄደ። የኋላ ቀኝ በሯ ጋ ቆመና ስርጉዱን በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ በር ስንቴ ተመታ? ሁሌ እዚሁ። ሁሌ በዚሁ ልክ። የቤታችን በር ምሰሶ ላይ ቀለሟ ተለጥፎ አገኘሁት።» ዞሮ አየኝ። «አንቺ። አንድ ምሰሶ ደጋግሞ የሚገጭ ሰው ምን ይባላል?»

«እውር።»

«ወይ እውር ነው፣ ወይ ፍቅር ይዞታል። የወንድሜ አይን ደግሞ ደህና ነው።» ሳቀ። ብቻውን። «ንገራት እንጂ! ለዚህ አይደል ይዤህ የመጣሁት?»

ጭረት ቀና አለ። ከንፈሩ ነጥቷል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ይሄን ሁሉ እፍረት ነው ብዬ አነበብኩት።

«ተይኝ» አለ። «በቃ። ተይኝ።»

ይሄው ነው። ሌላ የለም። በግራ እጁ በሩን ከፍቶ ገባ።

ወንድምየው የአሮጌዋን ቁልፍ እግሬ ስር ወረወረው። ስም እንዳለኝ እንኳን አልጠየቀም። አቧራውን እላያችን ላይ በትነውት ሄዱ።

ቁልፉን አላነሳሁትም። እንባ የሚመጣ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው፤ ከሆዴ ተነስቶ ክንዴ ድረስ የሚሄድ፣ መዶሻ የሚያስጨብጥ ነገር።

* * *

የመጀመሪያው ግጭት እውነት ነበር። አንድ የጭነት መኪና ነው ሲያልፍ የገጨው። በሩን ሳቃናለት አጠገቤ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀመጠ። ሌላው ደንበኛ ያወራል፣ ወይ ስልኩን ያያል። እሱ እጄን ያያል።

«ያማል?» አለኝ።

«ላሜራውን?»

«አንቺን።»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ዞር በል፣ ብርሃን ከለልከኝ» አልኩት።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ያው በር። ደግሞ መጣ። ያው በር።

«ይሄ ልጅ መንጃ ፈቃዱን ከሱቅ ነው የገዛው» እያለ አጎቴ ይስቅ ነበር። በኋላ ነገሩ ሲገባው ሳቁን ተወ።

«ስሚ ልጄ። በሰበብ የሚመጣ ወንድ ሰበቡ ሲያልቅ ይቀራል።»

«እርስዎ ደግሞ ጋሼ፣ በሰበብ ካልሆነ በምን ይምጣ? የነሱ ቤትና የኛ ግቢ በምን ይገናኛል?»

«እኮ። እሱን ነው የምልሽ።»

ጭረት ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም። ደብዳቤው በሩ ላይ ነበር። ላሜራ በአይን አይነበብም፤ ቀለምና ብርሃን አይንን ያታልላሉ። የሚያውቀው መዳፍ ነው። መዳፌን በሩ ላይ አሳልፋለሁ። ስስ ጭረት ከሆነ ናፍቆኛል ማለት ነው። ጠለቅ ካለ ቤት ውስጥ ተጣልቷል። አንዴ በሩን እንዳለ አጥፎት መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሸሪካችን ልጅ አለችው» አለኝ። መዶሻዬን አንስቼ በሩን ማቃናት ጀመርኩ።

አንድ ቀን አጎቴ አልነበረም። ላሜራ ሲቃና አንዱ ከውስጥ ደጋፊ ብረት ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ ይመታል። የያዘው ካወላወለ መዶሻው ጣቱን ይለቅመዋል። ብቻዬን ስንገታገት አይቶ «ልያዝልሽ» አለ። መኪናዋ ውስጥ ገባና ብረቱን በቀኝ እጁ ደገፈልኝ።

መታሁ። አልተንቀጠቀጠም። ደግሜ መታሁ። በመስኮቱ በኩል አይን ለአይን ነን። ላሜራው መሃላችን ነው። ስመታ ክንዱ ድረስ ይሰማዋል፤ ሲገፋ ክንዴ ድረስ ይሰማኛል። ያን ቀን በሩ ቶሎ ተቃና። እኛ ግን ቶሎ አልጨረስንም።

«አገባሻለሁ» አለኝ ከውስጥ ሆኖ።

«በምን ሰበብ?»

«ምሰሶው እስከቆመ ድረስ ሰበብ አላጣም።»

ሳቅን። ሞኞች። ምሰሶው ይፈርሳል ብዬ ፈርቼ አውቃለሁ። መኪናው ይለወጣል ብዬ ግን አንድም ቀን አልፈራሁም።

* * *

ከምሳ በኋላ ጀመርኩ። ፈታቷት ተብለናል። እኔ መፍታት አላማረኝም። ትልቁን መዶሻ አነሳሁ።

መጀመሪያ የኋላ መብራቷን። አንድ ምት፣ ሄደ። ቀጥሎ የኋላ መስታወቷን፤ እንደ በረዶ ወረደ። ከዛ በሩ ጋ ደረስኩ። እየደጋገምኩ ያቃናሁት፣ ስቱኮ የለቀለቅኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩት በር። ከሰው ፊት በላይ አውቀዋለሁ።

መታሁት።

«ያማል?» ላለኝ። ምት። «ልያዝልሽ» ላለኝ። ምት። «አገባሻለሁ» ላለኝ። ይሄን ሁለት ጊዜ።

«ኧረ በቃሽ!» አለ አጎቴ።

አልሰማሁትም። ላሜራው እየተቀደደ ነው። የተሰበረ መስታወት ክንዴን በልቶኛል፣ ደሙ እጀታው ላይ እያንሸራተተኝ ነው።

«ልጄ፣ እጅሽ ደማ!»

«ይድማ!»

ሮጦ መጣና ከኋላ ወገቤን ያዘኝ። እንደ ጆንያ አንስቶ ጎተተኝ። እግሬ አየር ላይ ነው።

«ይልቀቁኝ ጋሼ! ይልቀቁኝ!»

ያኔ ድምፁ መጣ። ያው የጠዋቱ ድምፅ። አሁን ግን መታጠፊያው ላይ አልቀነሰም።

የቆርቆሮው በር ተገንጥሎ ወደ ላይ ተነሳ። ጥቁሩ መኪና ከስሩ ወጣ፣ ጎማው እየጨሰ፣ ቂጡ ግራና ቀኝ እየተወረወረ። ቀጥ ብሎ እኔ አሁን ቆሜበት ወደነበረው ቦታ መጣ። አሮጌዋ ተቀበለችው። በዛው በሯ።

ብረት ሲጮህ የሰማ ድምፁን ያውቀዋል። አሮጌዋ በጎኗ ተገፍታ ሄዳ ግድግዳው አስቆማት። የአዲሱ አፍንጫ በሯ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ከዛ ዝም። ከዛ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ።

አጎቴ ለቀቀኝ። ሁለታችንም እኔ የነበርኩበትን ቦታ አየን። ቦታ የለም።

መሪው ላይ ያለው ጭረት ነው። ብቻውን። የአየር ከረጢቱ ፊቱ ላይ ፈንድቷል፣ የአፍንጫው ደም ነጩን ሸሚዝ አቅልቶታል። በሩን ከፍቼ በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁት። በጥፊ አጮልኩት።

«ልትገድለኝ ነው የመጣኸው? ተይኝ ማለት አልበቃህም?»

«ፍሬን ይዤ ነበር» አለ። «ገና ስትነኪው ይዘላል። በአንድ እጅ አይያዝም፣ ይሄ ነገር።»

«በሁለት እጅህ አትይዝም? ቀለበቱ ከበደህ?»

«የምን ቀለበት?»

«የደበቅከው! አውጣ! አሳየኝ!»

ቀኝ እጁን አሁን ሸሚዙ ውስጥ ከቶታል፣ ደረቱ ላይ።

«ተይ» አለኝ። «በናትሽ ተይ።»

አንጓውን ይዤ ሳብኩት።

የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም።

እጁ መዳፌ ላይ ወደቀ። አብጧል። ጠቁሯል። ቀለበት የለም። ቀለበት የሚገባበት ጣትም የለም፤ ሁሉም ባንድ ላይ አብጦ ተጣብቋል። ቀስ ብዬ ዳሰስኩት፣ ላሜራ እንደማነበው። እዚህ ጋ ተሰብሯል። እዚህም። እዚህ ጋ አጥንቱ ይንቀሳቀሳል።

ጠዋት በአይኔ ነበር የፈረድኩት። እኔ፣ የመዳፍ ሰው።

«ማነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ጠዋት። ቀለበቱን ትናንት እኔ በሌለሁበት ተስማምቶ መጣ። መኪናውንም አልነዳም፣ ልጅቷንም አላገባም፣ የማገባት ባትላሜራዋን ነው አልኩት። እጄ በሩ ጠርዝ ላይ ነበር።» ወደ ጥቁሩ መኪና በአገጩ አሳየኝ። «ዘጋው። ከፈተና ደግሞ ዘጋው።»

«እና ለምን ዝም አልክ? እዚህ ፊቴ ቆመህ!»

«አፍህን ብትከፍት ሽማግሌውን ከነመዶሻው ዛሬውኑ መንገድ ላይ እጥላቸዋለሁ አለኝ። ዋጥኩት። ከዛ ምሳ ቀረበ፣ በላ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሲበላ አየዋለሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎታል። አነሳሁትና መጣሁ።» ደሙን በግራው ጠረገ። «መያዝ አቃተኝ እንጂ፣ እውነትም ፈጣን ነው።»

በዛ ፊቱ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅኩም። እጁን እንዳይወድቅ ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ልቤ ስትመታ እንዳታመው ፈራሁ።

* * *

ወንድምየው በታክሲ ደረሰ። የተገነጠለውን በር ረግጦ ገባ፣ ቆመ፣ አየ።

«መኪናዬ!» አለ።

ወንድሜ አላለም። መኪናዬ።

ከመሬት የቧንቧ ብረት አንስቶ መጣ። መጀመሪያ ያገኘው ጭረትን ነው። ትከሻውን አለው፣ ጭረት በጉልበቱ ወደቀ። ሁለተኛውን ሲያነሳ አጎቴ መሃል ገባ።

«ጌታዬ፣ ይተው፣ በፈጠረዎት...»

ቧንቧው ቅንድቡን ቀደደው። አጎቴ ተቀመጠ። ደክሞት እንደሚቀመጥ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ደሙ ጺሙ ውስጥ ወረደ።

ከዛ በኋላ ያለውን እኔ አላሰብኩትም። ክንዴ ነው ያሰበው።

መዶሻውን ከመሬት አፈፍ አድርጌ እጀታውን የወንድምየው አንጓ ላይ አሳረፍኩት። ቧንቧው ከእጁ ወደቀ። ማጅራቱን ይዤ ጥቁሩ ኮፈን ላይ ደፋሁት። ወፍራም ሰው ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብረት የምቀጠቅጥ ሴት ነኝ። ሊነሳ ብሎ እጁን ኮፈኑ ላይ ዘረጋ። ለስላሳ እጅ። ሥራ ያልነካው።

መዶሻውን አነሳሁ።

«ይሄ ነው?»

«ምኑ? እብድ ናት! ያዟት እንጂ!»

የሚይዘኝ አልነበረም።

«በሩን የዘጋህበት እጅ። ይሄ ነው?»

«በናትሽ እህቴ። በናትሽ።»

እህቴ ሆንኩ። ጠዋት «አንቺ» ነበርኩ።

ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ከአጥንቴ ፈልጌው ነበር። ክንዴ ከጆሮዬ በላይ ነው። ጣቶቹ ከስሩ ተዘርግተዋል። ኮፈኑ እንደ መስታወት ያበራል፣ ፊቴን አየሁት። ጥርሴን አግጥጫለሁ። ያቺን ሴት አላወቅኳትም።

ጭረት ከመሬት በስሜ ጠራኝ። ስሜን ብቻ። አጎቴ ደሙን ሳይጠርግ ቀና አለ።

«ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ላሜራ አይደለም። ከሰረጎደ አይቃናም።»

መዶሻው ወረደ። በሙሉ ጉልበቴ።

ኮፈኑ ተበሳ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል። የመዶሻው ራስ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰውየው እጁን አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ ጣቶቹን ከፈተ ዘጋ። ከዛ አለቀሰ። ድምፁን አውጥቶ፣ እንደ ህፃን።

እየተደናቀፈ ሄደ። ምላሱ የተመለሰለት በሩ ጋ ሲደርስ ነው።

«ትወጣላችሁ! ነገ ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ!»

«እንወጣለን» አለ አጎቴ ቅንድቡን በጨርቅ ይዞ። «አንተ ግን አሁን ውጣ።»

አንተ አለው። ያን ቃል ለነዚህ ሰዎች ከአፉ ወጥቶ ሰምቼው አላውቅም። ግቢውን አጣን። ግን እንደዛች ደቂቃ የኛ ሆኖ አያውቅም።

* * *

ቁልፉ ጠዋት የወደቀበት ነበር። አሁን አነሳሁት።

አሮጌዋ ትነሳለች አላልኩም። አሳለች፣ ደግማ አሳለች፣ ተነሳች። ወደፊት ሳስኬዳት በሯ ጥቁሩ አፍንጫ ላይ ተገንጥሎ ቀረ።

«ይቅር» አለ አጎቴ። «የሱ ነው። ይያዘው።»

አጎቴ ከኋላ ተቀምጧል፣ በሩ የነበረበት ቀዳዳ አጠገብ። ነፋሱ ጺሙን ይበትነዋል። ጭረት ጋቢና ነው፣ የተሰበረ እጁ ጭኔ ላይ። ሀኪም ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ማርሽ ስቀይር እነካዋለሁ።

«ይቅርታ።»

«ቀይሪ፣ ቀይሪ።»

አንድ ጉድጓድ ዞሬ አለፍኩ።

«እስኪድን አልነዳም» አለ።

«አትነዳም።»

«ምሰሶውም እዛው ቀረ። እኔ ደግሞ እዛ ቤት አልመለስም።»

«እና?»

«በምን ሰበብ ልምጣ?»

ከኋላ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዞሬ አላየሁትም። ጆሮው ግን እዚህ እኛ መሃል እንደነበር ይታወቀኛል።

«ዝም ብለህ ና» አልኩት።

«ዝም ብዬ?»

«በእግርህ። የት እንደምንሆን አላውቅም። የመዶሻ ድምፅ ስትሰማ ግባ።»

«በሩን እንዳይገጨው ንገሪው» አለ አጎቴ።

ጭረት ሳቀ። ሳቁ እጁን አሳመመው፣ ጮኸ፣ ደግሞ ሳቀ። እኔ ግን መንገዱ ጠፋብኝ። ጠዋት ቆሜ የጠበቅኩት እንባ አሁን መጣ፣ ባንዴ፣ አገጬ ድረስ። ማርሹን ለቅቄ መዳፌን እጁ ላይ አሳረፍኩ። አልተጫንኩትም። ይሞቃል። ካበጠው ሁሉ ስር የደም ስሩ ይመታል።

ከውስጥ ይመታል። እኔ ከውጭ ያዝኩለት።